ቁራም እንግዳ ነው

ጅቡቲ፣ ባልባላ ውስጥ ንጋትን የሚያበስረው አውራ ዶሮ አይደለም። ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ ግን ጫጩቶቹን ቁራ እየለቀመ ስለሚጨርሳቸው ለአውራነት የሚበቃው ከስንት አንዱ ነው። ስለዚህ ከመስጊዱ አዛን ቀጥሎ ያለውን የመቀስቀስ ሥራ ራሱ ቁራው ተረክቦታል። ገና ጎሕ ሲቀድ የቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ ያርፍና ኪራይ ሊጠይቅ እንደመጣ አከራይ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ከዚያ ይጮኻል። ጩኸቱ ዜማ ባይኖረውም መልእክቱ ለግቢው ሁሉ ግልጽ ነው፦ ኤዶ ምጣድ ጥደዋል።

ሰፈሩ በሙሉ በሶማልኛ አክስት እያለ ስለሚጠራቸው እኔም ኤዶ እላቸዋለሁ። በማለዳ ላሖሕ ጋግረው ይሸጣሉ። ላሖሕ የእንጀራ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ዓይን አለው፣ ቀጭን ነው፣ በሻይም ይበላል። ቁራው ከአጥሩ ላይ ሆኖ በአንድ ዓይኑ ምጣዱን፣ በሌላው የኤዶን እጅ ይከታተላል። ኤዶ መጥረጊያ ከጎናቸው አያጡም። ቁራው ግን የመጥረጊያውን ርዝመት ከሳቸው ይበልጥ አሳምሮ ስለሚያውቅ ከዚያ በአንዲት ጋት ብቻ ርቆ ይቆማል። እንዲህ ሲተያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ከደንበኛ እጅ ላይ ላሖሕ ነጥቆ ሄደና ደንበኛው «ሌላ ይሰጠኝ» ሲል፣ ኤዶ «ከእጄ ወጥቷል፤ ከቁራው ጋር ተነጋገር» ብለው አሰናበቱት። በዓለም አቀፍ ንግድ ሕግም ቢሆን ልክ ናቸው፤ ዕቃው ከተረከብከው በኋላ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊው አንተ ነህ።

ይህን የምለው በሙያዬ ነው። ትራንዚተር ነኝ። ቀኑን ሙሉ ዶራሌ ወደብ ላይ ስለ ኮንቴይነር፣ ስለ ዲክላራሲዮንና ስለ ዲመሬጅ ስጨቃጨቅ እውልና ማታ ባልባላ እገባለሁ። መሀል ከተማ ያለው የቤት ኪራይ የእኔ ቢጤውን አይጋብዝም። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት አለ። ከኤዶ ቀጥሎ በጦርነቱ ምክንያት በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከኤደን በጀልባ ተሻግሮ የመጣ የመናዊ ዓሣ ጠባሽ ይኖራል፤ አደኒው እንለዋለን። ከሱ ቀጥሎ ከወደብ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ከታጁራ ማዶ ከጎዳ ተራሮች የመጡ አፋር ሽማግሌ አሉ። የመጨረሻዋ ክፍል የእኔ ነች። ቋንቋችን ብዙ ስለሆነ እንደልብ ማውራት አንችልም ነበር። ስለ ፖለቲካ ማውራት ደግሞ እንደልብ ማውራት የሚችሉትንም ያጣላል። ወፍ ግን የማንም ፓርቲ አባል አይደለም።

ነገሩን የጀመረው የኤዶ የልጅ ልጅ ነው። ኮሌጅ ይማራል፤ እዚህ አገር ኮሌጅ ማለት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የሳይንስ መምህሩ «የሰፈራችሁን ወፎች መዝግባችሁ አምጡ» ሲል አዘዘ። ልጁ ደብተሩን በማስመሪያ አሰመረና ስም፣ ቀለም፣ ምግብ ብሎ ከጻፈ በኋላ በራሱ ፈቃድ አንድ ዓምድ ጨመረበት፦ ከየት መጣ። መምህሩ ያላዘዘው ይህ ዓምድ ነው ምንጣፋችን ላይ ስንት ማታ ያስመሸን።

የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ያው የሚታወቀው ነው። እኔ ቁራ ስል የማውቀው የደጋችንን ቁራ ነበር፤ ግዙፍ፣ ምንቃሩ ወፍራምና ቆልማማ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ እምብዛም የማይወርድ። በቁራ ወገን ውስጥ በትልቅነቱ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው፤ ሲራመድም ግዝፈቱን ያውቀዋል። የባልባላው ቀጫጫ ነው፤ አንገቱ አመድማ፣ እግሩ ረጅም፣ ዓይኑ ፈጣን። ደጃዝማችና የምድር ወደብ ደላላ አንድ ስም ተጋርተው የሚኖሩ ያህል ነው።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ ልጁ።

ኤዶ ሳያስቡ እጃቸውን ወደ አደኒው ዘረጉ። «ከሱ አገር!»

አደኒው ጠብሶ ከተረፈው ዓሣ ለድመቷ እየወረወረ ነበር። አልካደም። ኤደን ቁራ የሞላባት ከተማ መሆኗን አመነ፤ ግን «ያ አኺ፣ እኛስ ማን አመጣብን?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ ለምን ወደ እኔ እንደዞረ አልገባኝም። ልጁ ስልኩን ከፍቶ አነበበልን። ወፉ የሕንድ ቁራ ነው። እንግሊዞች ኤደንን በያዙ ማግስት፣ በ1840ዎቹ ገደማ፣ እዚያ ታየ። በ1890ዎቹ ደግሞ ዛንዚባር ላይ ቆሻሻ ያጸዳልናል ተብሎ ሆን ተብሎ ገባ። ቆሻሻውን ጨረሰና ወደ ሌላው ወፍ እንቁላልና ጫጩት ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ የጋበዘው አላስፈለገውም፤ መርከብ ላይ እየወጣ፣ የመርከበኛ ፍርፋሪ እየበላ፣ ወደብ ባየበት መውረድ ሆነ ሥራው። በ1994 ሁለቱ ሆላንድ ድረስ ሄደው ሆክ ቫን ሆላንድ የምትባል የወደብ ከተማ ወረዱ። ተዋለዱ። መንግሥት ይወገዱ ሲል የእንስሳት ተሟጋቾች ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት። ለሰው ስደተኛ እንኳ ጠበቃ በማይገኝበት ዘመን ማለት ነው። በመጨረሻ ግን ተፈረደባቸውና በጥይት ተለቀሙ። ኬንያ ደግሞ በ2024 አንድ ሚሊዮን የሕንድ ቁራ በዓመቱ መጨረሻ አጠፋለሁ ብላ አዋጅ ነገረች።

ይህን ሰምቼ ሙያዬ አመመኝ። አንድ ካርቶን ብስኩት በቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስታበት ለሳምንት ሲታገት አይቻለሁ። ይህ ወፍ ግን በአራት ባሕር ዙሪያ ሁሉ ያለ ዲክላራሲዮን ገብቶ፣ ያለ ቀረጥ ተራብቶ፣ ያለ ኪራይ ጣሪያዬ ላይ ይኖራል።

ይገደል ወይስ ይተው የሚለው ነገር ለሁለት ከፈለን። አደኒው ሐጅ ላይ ያለ ሰው እንኳ እንዲገድላቸው ከተፈቀዱት አምስት ፍጥረታት አንዱ ቁራ ነው አለ፤ ሐዲስ ጠቅሶ። እኔ ደግሞ ኤልያስ በረሃብ ዘመን ኮራት ወንዝ ዳር ተደብቆ ሳለ ጠዋት ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላለሰለት ቁራ መሆኑን አስታወስኩ። «የማንን ሥጋ ነበር የሚያመላልሰው?» ሲሉ ኤዶ በነገር ጠየቁኝ። መቼም ገዝቶ አያመጣም። ሽማግሌው አፋር እስኪበቃን አከራክረውን፣ «ቃየል ወንድሙን ገድሎ ሬሳውን የሚያደርግበት ሲጠፋው መቅበር ያስተማረው ቁራ ነው፤ ቁርኣን ውስጥ አለ። መምህር አይገደልም» ብለው ፋይሉን ዘጉት። ለዚህ ክርክር እኔ የቁራ መልእክተኛ የሚለውን ተረት ይዤ መጥቼ ነበር፤ ኖኅ ልኮት ስለቀረው ቁራ። ኤዶ ግን ቀደሙኝ፦ «አንተስ አገርህ የላከችህ መቼ ነው? ተመለስክ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ሻይ ቀዳሁ።

ኤዶ እንዲህ ናቸው። ጫቱ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከኛ አገር ይመጣል። መብራቱ ከ2011 ጀምሮ ከኛ አገር ይመጣል። ውኃው ከ2019 ወዲህ ከሺኒሌ በረሃ በቧንቧ ይመጣል። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ በሰኔ ኻምሲን ሲነፍስ የሚናፍቁት የድሬዳዋ ማንጎ ሁሉ ከኛ ነው። «ከናንተ አገር ያልመጣ ይሄ ቁራ ብቻ ነው» አሉኝ አንድ ማታ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልለየልኝም።

ባልባላ ራሱስ ቢሆን ወፍ ዘራሽ ከተማ አይደል? በ1966 የፈረንሳይ ገዢዎች ጅቡቲ ከተማን በእሾህ ሽቦ አጠሯት። ያለ ወረቀት ማንም እንዳይገባ ነው። ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ከሆነው ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ በጣውላ፣ በማዳበሪያ ከረጢትና በበርሜል ቆርቆሮ ቤት ቀለሰ። ማንም አልዘራውም፤ በቀለ። በ1987 ከተማዋ አካሌ ነህ ብላ አመነችው። ሽማግሌው የሽቦውን ዘመን ያስታውሳሉ። ሽቦው ላይ ያለ ከልካይ ያርፍ የነበረው ቁራ መሆኑን ሲያወሩ ድምፃቸው እስካሁን ይቀየራል።

ክረምቱ ሲያልፍና ሙቀቱ ሲላላ ደብተሩ ውስጥ እንግዶች ይበዛሉ። አንድ ጠዋት የፍየሎቹ በረት አጠገብ ዝገት መሳይ ቀለም ያላት፣ ክንፏ ነጭና ጥቁር ጥለት የሆነ፣ ራሷ ላይ ጉትያ የምትዘረጋና የምታጥፍ ወፍ መሬቱን በረጅም ምንቃሯ ስትቆፍር ተገኘች። አደኒው ዓሣውን ጥሎ ሮጠ። «ሁድሁድ!» አለ። ኤዶም «ሁድሁድ!» አሉ። ግቢው የደስታ ሆነ። ንጉሥ ሱለይማን ወፎቹን ሲቆጥር ሁድሁድ ጎደለች፤ ሊቀጣት ዛተ፤ እሷ ግን መጥታ «ከሰበእ እርግጠኛ ወሬ ይዤልህ መጣሁ፤ ሴት ነገሠችባቸው» አለችው። ንግሥተ ሳባን ለዓለም ያስተዋወቀች ይህች ወፍ ነች።

አሁን የሳባ ነገር ሲነሳ ዝም የሚል ኢትዮጵያዊ አይቼ አላውቅም፤ እኔም ዝም አላልኩም። በእኛ ክብረ ነገሥት መሠረት ወሬውን ያመላለሰው ወፍ ሳይሆን ታምሪን የተባለ ነጋዴ ነው አልኳቸው። ብዙ ግመልና መርከብ ነበረው። ወደ ሰሎሞን ዕቃ ጭኖ ሄዶ፣ ያየውን ለንግሥቲቱ የነገረ እሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንደኮራሁ አልደብቅም። በመጽሐፍ የተመዘገበ አስመጪና ላኪ ነው፤ የሙያ አባቴ ነው ማለት ይቻላል።

አደኒው ዓይኑን አጠበበ። «ንግሥቲቱ የየመን ነች።»

«የአክሱም ነች።»

«ማሪብ ሄደህ ዙፋኗን እይ!»

«አክሱም ሄደህ መዋኛዋን እይ!»

ኤዶ በመሀል ገቡ። ወፏ እየሰማች መሆኗን፣ ብትናደድ እንደገና ወሬ ልታደርስብን እንደምትችል አስጠነቀቁን። ልጁ ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን አነሳ። ከየት መጣ በሚለው ዓምድ ሥር ምን ይጻፍ? «ከሰበእ» ብለው ሽማግሌው ፈረዱ። ሰበእ የት እንደሆነች እያንዳንዳችን በልባችን እናውቃለን፤ ደብተሩ ላይ ጠብ የለም።

ከዚህ በኋላ ወፍ የለም ብሎ የሚያማርር ሰው ግቢያችን ውስጥ ጠፋ። ግራር ላይ ጎጆዋን ሸምና የምታንጠለጥል ቢጫ ወፍ ተመዘገበች። ልጁ ፈረንጆቹ የሩፔል ወፍ እንደሚሏት ሲነግረን ኤዶ «ሩፔል ማነው? ባሏ ነው?» አሉ። በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን የዞረ ጀርመናዊ መሆኑን አስረዳኋቸው። «ታዲያ እሷ ቤቱን ስትሠራ ምን አገዛት?» ለዚህ ጥያቄ ፍራንክፈርትም መልስ ያላት አይመስለኝም። ዶራሌ በኩል ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ቆመው ስለማያቸው ፍላሚንጎዎችም እኔ ምስክርነቴን ሰጠሁ። እነዚህ አቤ ሐይቅም ይኖራሉ፤ ከጊንጪ አካባቢ የሚነሳው የእኛው አዋሽ ተጉዞ ተጉዞ የሚያልቅበት፣ ግማሹ የኢትዮጵያ ግማሹ የጅቡቲ የሆነ ሐይቅ። ከየት መጣ ሲባል የትኛው ዳር ላይ ቆሞ እንደታየ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ትልቁ ሽብር የተነሳው በጥንብ አንሳ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዱዳ የሚባል የቆሻሻ መጣያ አለ። እዚያ በብርድ ወራት ፊታቸው ቢጫ፣ ላባቸው ነጭ የሆኑ ጥንብ አንሳዎችና ትልልቅ ንስሮች ይሰበሰባሉ። ተመራማሪዎች አንዳንዶቹን ይዘው ጀርባቸው ላይ የሳተላይት መሣሪያ አስረውባቸዋል፤ ቱርክ ውስጥ የታሰረባቸውም የብርድ ወራታቸውን ሊያሳልፉ እስከ አፋርና ጅቡቲ ድረስ ይወርዳሉ። የኤዶ የልጅ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ አንቴና ያላት ጥንብ አንሳ አይቶ ተመለሰ። እስኪመሽ ድረስ ባልባላ በሙሉ ሰላይ ወፍ መታየቷን ሰምቷል።

ይህ ሌላ አገር ቢሆን ቀልድ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ግን አሜሪካ አለች፣ ፈረንሳይ አለች፣ ጃፓን አለች፣ ጣሊያን አለች፣ ከ2017 ወዲህ ቻይናም አለች፤ ሁሉም የጦር ሠፈር አላቸው። ስለዚህ የመንደሩ ጥያቄ ሰላይ ነች ወይስ አይደለችም የሚል አልነበረም፤ የማን ሰላይ ነች የሚል ነበር። አደኒው ለአሜሪካ ሰጣት። ኤዶ ቻይና ርካሽ ዕቃ ትወዳለች፣ የቆሻሻ ወፍ የምትልክ እሷ ነች አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ ልጁ ግን ስልኩን አወጣና አሳፈረኝ። በ2011 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ መለያ የታሰረባት አሞራ በስለላ ተጠርጥራ ተይዛለች፤ በኋላ ነው የተለቀቀችው። ሽማግሌው አሰብ አድርገው፣ «ቆሻሻችንን አይታ ምን ብላ ትጽፋለች?» አሉ። ከዚህ የከበደ ትችት ለማዘጋጃ ቤቶች ሲሰነዘር ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌውን ስለ ንስሮች ማስወራት ግን ሌላ ነገር ነው። በወጣትነታቸው ከኦቦክ በላይ ባሕር ዳር ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በጥቅምት፣ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ከየመን በኩል ሰማዩ ይጠቁራል ይላሉ። መጀመሪያ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ እየተሽከረከረ የሚወጣ ክምር። እኔ የአጥማጅ ወሬ ነው ብዬ ነበር፤ አጥማጅ ደግሞ በየትም አገር የሚናገረው በክንዱ ልክ ነው። ግን ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ባልባላ የከተማ ዜግነት ባገኘበት በዚያው በ1987፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ባብ ኤል መንደብ ዳር ተቀምጠው ቆጥረዋል። ወደ 246 ሺህ የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ተሻገሩ። ከነሱ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከሩቅ የእስያ ሜዳዎች የሚመጡ ንስሮች ናቸው። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እኔ አልቆጠርኩም፤ ዓሣ ነበር የማጠምደው» አሉ።

ለምን በዚያ በኩል? ንስር ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ ይከብደዋል። የሚጓዘው ከሞቀ መሬት በሚነሳ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ ከባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይነሳለትም። ስለዚህ ጠባቧን ቦታ ፈልጎ ይሻገራል፤ ባብ ኤል መንደብ ወርዷ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠባብ ቦታ ፈላጊው ንስር ብቻ አይደለም። ወደ ኦቦክ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በዚያው በጥቅምት፣ የውኃ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ልጆች በሰልፍ ይሄዳሉ፤ የወሎ፣ የጅማ፣ የሐረርጌ፣ የትግራይ ልጆች። ንስሮቹ ከየመን ወደ አፍሪካ ሲገቡ እነሱ ከአፍሪካ ወደ የመን ለመውጣት ጀልባ ይጠብቃሉ። አደኒው በዚያው ባሕር በተቃራኒው መጥቷል። ይህ ማታ ሲነሳ ኤዶ የሚጠበስ ነገር እንዳለ አስታውሰው ይነሳሉ፤ ወሬው እዚያው ያበቃል። ጀልባዎቹ ስንቱን እንደበሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል ልጁ ወደ ኋላ ገልጦ አነበበልን። ቁራ ከሕንድ። ሁድሁድ ከሰበእ። ጥንብ አንሳ ከቱርክ። ንስር ከእስያ። «የራሳችን ወፍ የለንም?» ብሎ አዘነ።

ሽማግሌው ይህችን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተቃንተው ተቀመጡ። አለን እንጂ! የጎዳ ቆቅ! በዴይ ጫካ፣ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጽዱ ሥር የምትኖር፣ ከጅቡቲ በቀር በዓለም የትም የማትገኝ ቆቅ። ሳይንስ ያወቃት በ1952 ነው፤ የጎዳ ሰዎች ግን ከዚያ በፊትም ጎህ ሲቀድ ስትጮኽ ይሰሟት ነበር። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚባለው ለሷ ነው። አሁን ጫካው እየደረቀ፣ ጽዱ ቆሞ እየሞተ፣ ከብቱ ሥር ሥሩን እየጋጠው፣ ቆቋ ከዓለም ጨርሰው ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች መዝገብ ገብታለች። ማብላ ተራራ ላይም ጥቂት አሉ።

«እርስዎ አይተዋታል?» አልኳቸው።

«ሰምቻታለሁ» አሉ። ከዚያ ግቢውን ዞር ብለው ቃኙት፤ ሶማሊቷን፣ የመናዊውን፣ ኢትዮጵያዊውን፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ሕንዳዊ። «እውነተኛዋ የጅቡቲ ተወላጅ እሷ ነች። እሷም መታወቂያ የላትም።»

ልጁ ከመምህሩ ጥሩ ነጥብ አገኘ፤ መምህሩ አራተኛውን ዓምድ በቀይ አስምሮ «ይህን ማን ነገረህ?» ብሎ ጻፈበት። ደብተሩ ግን አልተዘጋም፤ የሰፈሩ ልጆች ተከፋፍለው ይዘውታል። እናም በጥቅምትና በኅዳር በገላፊ ወደዚህ የምትወርዱ ሹፌሮች ሆይ፣ ፒኬ 12 ላይ ወረፋ ስትጠብቁ ከመኪናችሁ ጥላ ወጥታችሁ አንዳንዴ ቀና በሉ። ንስር ካያችሁ፣ ሽመላ ካያችሁ፣ ስም የማታውቁለት ነገር ካያችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ በየት በኩል እንደመጣም ንገሯቸው። ቁራውን ግን አትንገሯቸው፤ እሱ ተመዝግቧል።